የምስክር ወረቀት እስከ መቼ ይጸናል? የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች የብቃት እድሳት ሥርዓትና ለትምህርት ምዘና ያለው ፋይዳ

ሀ. መግቢያ

ማንኛውም የምስክር ወረቀት የሚመሰክረው ስላለፈ ጊዜ ነው። ባለቤቱ በአንድ በተወሰነ ዕለት፣ በተወሰኑ ጥያቄዎችና በተወሰኑ መዛኞች ፊት ቀርቦ ብቁ ሆኖ መገኘቱን ያረጋግጣል እንጂ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚሠራ ሊናገር አይችልም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ወረቀቱ የተጻፈበትን ቃል ሳይለውጥ ሲኖር ሙያው ግን ይለወጣል፤ የባለሙያውም ችሎታ አንድም ይዳብራል፣ አንድም ይደክማል። በመሆኑም አንድ ኅብረተሰብ ለባለሙያዎቹ የሰጠው የብቃት ማረጋገጫ እስከ መቼ ሊታመን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በሁሉም የሙያ መስኮች የሚነሣ ነው።

ይህን ጥያቄ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያብላሉት ከቆዩት የሙያ ማኅበራት መካከል የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ይገኙበታል። ተቋማቸው በመጀመሪያ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ቀጥሎ ለ10 ዓመት ብቻ የሚጸና ወረቀት መስጠት ጀመረ፤ በመጨረሻም የ10 ዓመቱን ትልቅ ፈተና ትቶ በየ2 ዓመቱ ወደሚደረግ አነስተኛ ምዘና ተሸጋገረ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት፣ የራሱ ደጋፊና የራሱ ተቃዋሚ ነበረው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሥርዓቱን አመሠራረትና አሠራር ማስረዳት፣ የታዩትን ጥቅሞችና ጉድለቶች ማመልከት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚበጁትን ነጥቦች ለይቶ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ. የሥራ ፈቃድና የስፔሻሊስት ምስክር ወረቀት ልዩነት

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለአንድ ሐኪም የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ፈቃዱ ሐኪሙ ሕክምና እንዲሰጥ በሕግ ያስችለዋል፤ በየትኛው የሕክምና ዘርፍ የጠለቀ ሥልጠና እንዳለው ግን አይገልጽም። ይህን የሚያረጋግጡት በባለሙያዎች የተቋቋሙ፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ቦርዶች ናቸው። ከእነዚህም የመጀመሪያው በ1917 በሕግ የተመዘገበው የዓይን ሕክምና ቦርድ ነው። በ1933 ቦርዶቹን የሚያስተባብር አንድ የጋራ አካል ተመሠረተ፤ ይህም በአሁኑ ጊዜ የአሜሪካ የሕክምና ስፔሻሊቲዎች ቦርድ በመባል የሚታወቀውና 24 አባል ቦርዶች ያሉት ድርጅት ነው። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ የተቋቋመው በ1937 ነው።

ቦርዱ በተቋቋመበት ዘመን ማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም በቂ ሥልጠና ይኑረውም አይኑረውም ራሱን ቀዶ ሐኪም ብሎ ሊጠራና ቢላዋ ሊያነሣ ይችል ነበር። በሽተኛው የሠለጠነውን ካልሠለጠነው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ቦርዱ ይህን ጉድለት ለማስወገድ ሁለት መመዘኛዎችን አስቀመጠ፤ እነርሱም የታወቀ የሥልጠና ዘመንና በባለሙያዎች የሚሰጥ ፈተና ናቸው። በዛሬው አሠራር አንድ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና እጩ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት በሬዚደንሲ ይሠለጥናል። በዚህም ጊዜ ቢያንስ 850 ቀዶ ሕክምናዎችን መሥራት ይኖርበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ በመጨረሻው ዓመት፣ በዋና ሬዚደንትነት የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ከዚያም በጽሑፍ የሚሰጠውን ፈተና፣ ቀጥሎም በቃል የሚደረገውን ፈተና ያልፋል። የቃሉ ፈተና እያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ዓላማው እጩው የሚያውቀውን ከመዘርዘር ይልቅ አንድ በሽተኛ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚያስብና እንደሚወስን ማየት ነው።

የቦርዱን የምስክር ወረቀት መያዝ በሕግ ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ በርካታ ሆስፒታሎች ቀዶ ሐኪም ሲቀጥሩ ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍላቸው እንዲሠራ ሲፈቅዱ ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ፤ የጤና መድን ድርጅቶችም እንዲሁ። ስለሆነም በስም ፈቃደኝነት የሆነው ነገር በተግባር ወደ ግዴታ ተጠግቷል። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ስለ እድሳቱ የተነሣው ክርክር ሥሩ ያለው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ሐ. ከዕድሜ ልክ ወደ ተወሰነ ጊዜ

ለብዙ ዓመታት የስፔሻሊስትነት ምስክር ወረቀት ፍጻሜ አልነበረውም። አንድ ቀዶ ሐኪም በ35 ዓመቱ ያለፈው ፈተና በ70 ዓመቱም ይመሰክርለት ነበር። በዚህ ልማድ ላይ የመጀመሪያውን ለውጥ ያደረገው በ1969 የተቋቋመው የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ ነው፤ ከምሥረታው ጀምሮ የሚሰጠው ወረቀት ለ7 ዓመት ብቻ እንዲያገለግል ወሰነ። የቀዶ ሕክምና ቦርድም ይህን ፈለግ ተከትሎ ከጥር 1 ቀን 1976 ጀምሮ የሚሰጣቸው ወረቀቶች ለ10 ዓመት ብቻ የሚጸኑ እንዲሆኑ አደረገ። ባለሙያው ጊዜው ከማለፉ በፊት ሌላ የጽሑፍ ፈተና ካልወሰደ የምስክር ወረቀቱ ይሻርበታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ደንብ ወደ ኋላ ሄዶ አልሠራም። ከ1976 በፊት ወረቀት የተሰጣቸው ሐኪሞች እንደ ቀድሞው የዕድሜ ልክ ባለመብቶች ሆነው ቀሩ። በዚህም ምክንያት በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ለተለያየ ሥርዓት ተገዢ ሆኑ፤ ታናሹ በየ10 ዓመቱ ይፈተናል፣ ታላቁ ግን አይፈተንም። የዕውቀት መዘንጋት ከዕድሜ ጋር ይመጣል ተብሎ የሚታሰብ ከሆነ፣ ደንቡ ይበልጥ መመዘን የሚገባውን ትቶ ያነሰ የሚያሠጋውን ይመዝን ነበር ለማለት ይቻላል። ነባር መብትን ሳይነኩ አዲስ ደንብ ማውጣት ለአስተዳደር የሚመች ቢሆንም፣ የፍትሐዊነት ጥያቄን ለረጅም ጊዜ ትቶ ያልፋል።

መ. በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ የታየው ለውጥ

ሙያ በባለሙያው ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ለማስረዳት ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሕክምና ሲያስፈልገው ለመቶ ዓመት ያህል የተለመደው ዘዴ ሆዱን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ከረጢቱን ማውጣት ነበር። በ1985 ኤሪክ ሙኤ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ሆድን ሳይከፍት፣ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ የመመልከቻ መሣሪያ፣ ማለትም በላፓሮስኮፕ አማካይነት ከረጢቱን አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘዴው ወደ አሜሪካ ገብቶ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ተስፋፋ። ሕመሙ የቀነሰ፣ ጠባሳው ያነሰ፣ በሽተኛውም ቶሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በመሆኑ ሕዝቡ ራሱ ይጠይቀው ጀመር፤ ይህን የማይሠራ ቀዶ ሐኪም በሽተኞቹን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት ቀዶ ሐኪሞች ግን ይህን ዘዴ በሬዚደንሲ አልተማሩም። የምስክር ወረቀታቸው ሲሰጣቸው ዘዴው አልነበረምና። አብዛኞቹ የተማሩት በጥቂት ቀናት ኮርስ፣ በእንስሳት ላይ በመለማመድ ነበር። አዲሱ ሥራ ደግሞ የቀድሞውን ልምድ ብቻ ይዘው የሚገቡበት አልነበረም። በእጅ ይዳሰስ የነበረው አካል በረጅም መሣሪያ ጫፍ ብቻ ይነካል፤ በዓይን ከሁሉም አቅጣጫ ይታይ የነበረው ቦታ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ጥልቀቱን አጥቶ ይታያል። ከስህተቶቹ ሁሉ አሥጊው ሐኪሙ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ከከረጢቱ ቱቦ ጋር አሳስቶ መቁረጡ ሲሆን፣ ይህ ጉዳት የደረሰበት በሽተኛ ከባድ ሌላ ቀዶ ሕክምናና ለዓመታት የሚቆይ ክትትል ሊያስፈልገው ይችላል።

በ1991 በደቡባዊ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚገኙ ቀዶ ሐኪሞች በኅብረት ባሳተሙት የ1518 በሽተኞች ጥናት የተገኘው ውጤት ለትምህርት ባለሙያ በተለይ ትኩረት የሚስብ ነው። እያንዳንዱ የሐኪሞች ቡድን በሠራቸው የመጀመሪያዎቹ 13 በሽተኞች ላይ የሐሞት ቱቦ ጉዳት የደረሰው በመቶ 2.2 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩት ላይ ግን በመቶ 0.1 ብቻ ነበር። የአደጋው መጠን ከ20 እጅ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ሐኪሞቹ በሁለቱም ጊዜ የያዙት የምስክር ወረቀት አንድ ነው፤ የተለወጠው በእጃቸው ያለው ልምድ ነው። የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን በመጀመሪያው ረድፍ የተሰለፉት በሽተኞች ነበሩ።

በመስከረም 1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ዘዴው ለአብዛኞቹ በሽተኞች ደኅንነቱ የተጠበቀና ውጤታማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ውጤቱ በእጅጉ የሚወሰነው በቀዶ ሐኪሙ ሥልጠና፣ ልምድ፣ ችሎታና ማስተዋል መሆኑን አመለከተ። በዚሁ ዓመት የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት አንድ ሐኪም ዘዴውን ብቻውን ከመሥራቱ በፊት በሌላ ልምድ ባለው ሐኪም ቁጥጥር ሥር መለማመድ እንዳለበት የሚያሳስብ መመሪያ አወጣ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛ፣ በየ10 ዓመቱ የሚደረግ ፈተና በመካከሉ ለሚመጣ ለውጥ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ ፈተና በሰዓቱ ቢደርስ እንኳ ዕውቀትን እንጂ የእጅን ሥራ አይመዝንም።

ሠ. ተከታታይ የብቃት ማረጋገጫ

ከላይ የተመለከቱትን የመሰሉ ችግሮች እየታወቁ በመሄዳቸው፣ በ1999 የስፔሻሊቲዎች ቦርድና የሬዚደንሲ ሥልጠናን የሚመዝነው ምክር ቤት አንድ ሐኪም ሊኖሩት የሚገቡ ስድስት የብቃት መስኮችን በጋራ ተቀበሉ። እነርሱም፦ የበሽተኛ እንክብካቤ፣ የሕክምና ዕውቀት፣ ከራስ ሥራ ተምሮ ማሻሻል፣ ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ እንዲሁም የጤና አገልግሎቱን አጠቃላይ ሥርዓት አገናዝቦ መሥራት ናቸው። ከእነዚህ ስድስት መስኮች በጽሑፍ ፈተና በሚገባ ሊለካ የሚችለው ዕውቀት ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ በ2000 ሁሉም አባል ቦርዶች አራት ክፍሎች ባሉት ተከታታይ ሥርዓት እንዲመሩ ተወሰነ፤ የቀዶ ሕክምና ቦርድም በ2005 ሥራ ላይ አዋለው። አራቱ ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የሙያ አቋም፦ ባለሙያው ሙሉና ያልተገደበ የሥራ ፈቃድ ያለው መሆኑ፣ በሚሠራበት ሆስፒታል ያለው መብት የተጠበቀ መሆኑ፣ ስለ ሥነ ምግባሩና ስለ ሥራው የቅርብ ኃላፊዎቹ የሚሰጡት ምስክርነት።

2ኛ/ የዕድሜ ልክ ትምህርትና ራስን መመዘን፦ ባለሙያው በተከታታይ የሕክምና ትምህርት ተካፍሎ የተወሰነ ነጥብ ማሟላቱ።

3ኛ/ የዕውቀት ምዘና፦ በተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ፈተና።

4ኛ/ የሥራ ውጤት ክትትል፦ ባለሙያው የበሽተኞቹን ውጤት በሚመዘግብና ከሌሎች ጋር በሚያነጻጽር መርሐ ግብር መሳተፉ።

ከእነዚህ መካከል ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያ ሲታይ ከሁሉም ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥናቶች የሚያሳዩት ከዚህ የተለየ ነው። በ1999 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ሐኪሞች ተቀምጠው ንግግር በማዳመጥ ብቻ የሚካፈሉባቸው ስብሰባዎች የሥራ ልማዳቸውን እንደማይለውጡ፣ ተሳታፊውን የሚያወያዩና የሚያለማምዱ መርሐ ግብሮች ግን ሊለውጡ እንደሚችሉ አመለከተ። በ2006 የታተመ ሌላ ግምገማ ደግሞ ሐኪሞች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ሌሎች ከሚሰጧቸው ግምት ጋር ሲያነጻጽር፣ ከ20 ንጽጽሮች በ13ቱ ግንኙነቱ ደካማ ወይም ፈጽሞ የሌለ ወይም የተገላቢጦሽ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው፣ ችሎታቸው ዝቅተኛ የሆነው ሐኪሞች ራሳቸውን በትክክል ለመገመት ከሌሎቹ የበለጠ የሚቸገሩ መሆናቸው ነው። እንግዲህ «እያንዳንዱ ባለሙያ ጉድለቱን ራሱ ያውቀዋልና ለራሱ ይተውለት» የሚለው አስተያየት በቂ መሠረት የለውም።

ረ. የ2018 ለውጥ፦ ምዘና እንደ ማስተማሪያ

በ10 ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጠው ፈተና በተለየ ማዕከል፣ ያለ መጽሐፍ የሚወሰድ ነበር። ባለሙያው ለብዙ ወራት ያጠናል፤ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ ጡት ብቻ ሲያክም የኖረ ሐኪም ከተመረቀ በኋላ አንድም ጊዜ ስላልሠራው በሽታ ይጠየቃል፤ አልፎ ከወጣ በኋላም ብዙውን ይረሳዋል። በ2018 የቀዶ ሕክምና ቦርድ ይህን ፈተና በሌላ ተካ። በአዲሱ አሠራር ባለሙያው በየ2 ዓመቱ 40 ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ከእነዚህም 20ው ማንኛውም ቀዶ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ መሠረታዊ ጉዳይ ሲሆኑ፣ የቀሩት 20 ከሚሠራበት ዘርፍ የሚወጡና እርሱ ራሱ የሚመርጣቸው ናቸው። ምዘናው ባለሙያው ባለበት ቦታ፣ በመጻሕፍትና በጽሑፎች እየታገዘ የሚወሰድ ነው። የሚጠየቅባቸው ርእሶችም አስቀድመው ይገለጻሉ። ለሰጠው መልስ ወዲያውኑ ማስተካከያ ያገኛል፤ ለሳተው ጥያቄም ዳግም የመመለስ ዕድል ይሰጠዋል። ለማለፍ ከመቶ 80 ማግኘት ያስፈልገዋል፤ ያልተሳካለትም በሚቀጥለው የማካካሻ ዓመት ዳግም ሊሞክር ይችላል።

በቅርብ ለማይመለከተው ሰው ይህ ሁሉ ፈተናውን ማቅለል ብቻ ሊመስለው ይችላል። የለውጡ መሠረት ግን መምህራን በሚገባ ከሚያውቁት የማስታወስ ሥነ ልቡና የተወሰደ ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማሩት ነገር ካልተደገመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚረሳ አሳይቷል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን ካነበቡ በኋላ በተደጋጋሚ ከተፈተኑት ጋር አነጻጸሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት ተሻሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የተፈተኑት ይበልጥ አስታውሰው ተገኙ። ስለዚህ በጊዜ ተለያይተው የሚቀርቡ አጫጭር ጥያቄዎች ማስተካከያ ተጨምሮባቸው ሲሰጡ፣ የሚለኩትን ዕውቀት በዚያው መጠን ያጸኑታል። የ2018ቱ ለውጥ ፈተናን ከማጣሪያ ወንፊትነት ወደ ማስተማሪያ መሣሪያነት ለማምጣት የተደረገ ሙከራ ነው።

ሆኖም በዚህ የጠፋ ነገር የለም ማለት አይቻልም። መጽሐፍ ገልጦ መልስ ማግኘት የሚችል ሐኪም በእኩለ ሌሊት፣ ደም እየፈሰሰ ባለበት ጊዜ፣ ያለ መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ ምዘናው አይነግረንም። ባለሥልጣናቱ የመረጡት ባለሙያው መማሩን ነው፤ በምትኩም የማጣራት ኃይሉን በከፊል ለቀዋል።

ሰ. ክርክሩና ማስረጃው

ስለ እድሳቱ ሥርዓት የተነሣው ተቃውሞ በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ብቻ የታየ አልነበረም። በ2014 የውስጥ ደዌ ቦርድ ግዴታዎቹን ባጠበቀ ጊዜ ከሐኪሞች ብርቱ ቅሬታ ቀረበበት፤ በ2015 መጀመሪያ ላይ ቦርዱ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ከመስፈርቶቹ አንዳንዶቹን አገደ። በዚያው ዓመት ተቃዋሚዎች ሌላ አማራጭ ቦርድ መሠረቱ። በ2016 የኦክላሆማ ክፍለ ግዛት እድሳቱ ለሥራ ፈቃድም ሆነ ለቅጥር ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የተቃዋሚዎቹ አቤቱታ በአጭሩ ሦስት ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል፣ ከዕለት ሥራ ጋር አይገናኝም፣ የበሽተኛን ጥቅም መጠበቁም አልተረጋገጠም የሚል ነው። የስፔሻሊቲዎች ቦርድ በበኩሉ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑ በ2019 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት አዲስ መመዘኛዎች ወጥተው ከጥር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውለዋል።

ማስረጃው ራሱ ለሁለቱም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም። በ2014 በውስጥ ደዌ ሐኪሞች ላይ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች የዕድሜ ልክ ወረቀት ያላቸውን ጊዜ ከተወሰነላቸው ጋር አነጻጽረዋል። አንደኛው በሕክምናቸው ጥራት ልዩነት አላገኘም፤ ሁለተኛው ደግሞ በሽተኞቻቸው ሆስፒታል በሚገቡበት መጠን ልዩነት ሳያገኝ፣ በወጪ በኩል ብቻ መጠነኛ ቅናሽ አይቷል። በሌላ በኩል በ2018 በጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ወረቀታቸውን በወቅቱ ያደሱት ሐኪሞች ካላደሱት ይልቅ የሥራ ፈቃዳቸውን በቅጣት የማጣት ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን አመልክቷል። ይህም ቢሆን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። እድሳቱ ሐኪሙን የተሻለ አድርጎት ይሆን ወይስ ቀድሞውኑ ጠንቃቃ የሆነው ሐኪም በወቅቱ ያድሳል የሚለውን ጥናቱ ሊለይ አይችልም። ተማሪው ስለተገኘ አለፈ ወይስ ትጉህ ስለሆነ ተገኘም አለፈም የሚለውን ክርክር የሚያውቅ መምህር ይህን ችግር በቀላሉ ይረዳዋል።

ሸ. ፈተና የማይደርስበት፦ የእጅ ሙያ

በ2013 በሚቺጋን ክፍለ ግዛት በሚሠሩ 20 የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሐኪሞች ላይ የተደረገው ጥናት ለዚህ ርእስ ከፍተኛ ክብደት አለው። እያንዳንዱ ሐኪም ሲሠራ የተቀረጸበትን አንድ ፊልም ሰጠ፤ ሌሎች ቀዶ ሐኪሞችም የማን መሆኑን ሳያውቁ ፊልሙን ተመልክተው ለእጅ ሥራው ነጥብ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ነጥቡ ከበሽተኞቹ ውጤት ጋር ተነጻጸረ። በነጥብ ከታች አንድ አራተኛው ውስጥ በተመደቡት ሐኪሞች እጅ ከታከሙት በሽተኞች መካከል በመቶ 14.5 የሚሆኑት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ደረሰባቸው፤ ከላይ አንድ አራተኛው ውስጥ በተመደቡት እጅ ከታከሙት ግን በመቶ 5.2 ብቻ ነበሩ። በሞትም ቢሆን ልዩነቱ በመቶ 0.26ና በመቶ 0.05 ነው። በመካከላቸው የነበረውን ይህን የሚያህል ልዩነት አንድ ፊልም ገለጠው።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ፣ ሥራን በሥራ ቦታ ማየትን የሚተካ ምዘና የሌለ መሆኑ ነው። ቦርዱ በሥልጠናው ዘመን በኩል ይህን አቅጣጫ ይዟል። ከ2023 ጀምሮ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች እንደ ቡአ፣ የትርፍ አንጀትና የሐሞት ከረጢት በሽታ ባሉ 18 መሠረታዊ ተግባራት እየታዩ፣ አሠልጣኛቸው በዚያው ዕለት ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው እየመዘገበ እንዲመዘኑ ተደርጓል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት አገኘ?» የሚለው ሳይሆን «ይህን ሥራ ብቻውን እንዲሠራ ሊታመን ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። ሥልጠናቸውን ጨርሰው ለብዙ ዓመታት ብቻቸውን ለሚሠሩት ባለሙያዎች ግን ይህን የመሰለ በዓይን የሚደረግ ምዘና ገና የእድሳቱ መደበኛ ክፍል አልሆነም።

ቀ. ለትምህርት ዘርፍ የሚኖረው ፋይዳ

በኢትዮጵያም የጤና ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ በ1999 የተቋቋመው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም በአባል አገሮች የጋራ የሥልጠናና የፈተና ደረጃ እንዲኖር ይሠራል። በመምህራን በኩል በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚሁ ተግባር እንዲያውል ደንግጎ ነበር። ስለሆነም ጥያቄው ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። ከቀዶ ሐኪሞቹ ልምድ በተለይ የሚከተሉት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ሰዓት መቁጠርና ብቃት አንድ አይደሉም። የተካፈሉበት ስብሰባ ብዛት በመዝገብ ሊሞላ ይችላል፤ የክፍል ውስጥ ሥራ ግን ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች ከሰዓቱ ቁጥር ይልቅ በሰዓቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሊጨነቁበት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ማጥራትና ማስተማር የተለያዩ ዓላማዎች ናቸው። አንድ ምዘና ሁለቱንም በእኩል ሊያሟላ አይችልም፤ የትኛው እንደተፈለገ አስቀድሞ ካልተወሰነ ተመዛኙ ሁልጊዜ የሚያየው ቅጣቱን ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወይም አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የመለማመጃ ዋጋ ይከፍላሉ። የሐሞት ከረጢቱ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ለጥቂት ቀናት በተሰጠ ገለጻ ብቻ መምህሩን ወደ ክፍል መላክ የመጀመሪያዎቹን 13 በሽተኞች ደግሞ መፍጠር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልምድ ያለው ባልደረባ በክፍል ውስጥ አብሮ ቢገኝ ዋጋው ከተማሪው ትከሻ ላይ ይነሣል።

አራተኛ፣ ነባሮችን ነጻ አድርጎ አዲሶችን ብቻ የሚመዝን ደንብ በወጣቱ ዘንድ እንደ ሸክም እንጂ እንደ ክብር አይታይም። አንጋፋው መምህር በመጀመሪያው ረድፍ ሲመዘን ግን ምዘናው የሙያው ወግ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ምዘናው ባለሙያው በየዕለቱ ከሚሠራው ጋር መገናኘት አለበት። የአንደኛ ክፍል ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ከሥራው ባልተያያዘ ጉዳይ ቢጠየቅ ውጤቱ ስለ ትምህርት አሰጣጡ የሚናገረው ጥቂት ነው። ግማሹ የጋራ፣ ግማሹ የዘርፍ የሆነው የ20ና የ20 ክፍፍል በዚህ ረገድ ጠቃሚ ምሳሌ ነው።

በ. ማጠቃለያ

ከላይ ለማስረዳት እንደተሞከረው፣ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ከ1937 ጀምሮ የሄዱበት መንገድ ፍጹም ወደ ሆነ ሥርዓት አላደረሳቸውም። የዕድሜ ልክ ወረቀት ለበሽተኛው ዋስትና አልሆነም፤ የ10 ዓመቱ ፈተና ለለውጥ አልደረሰም፤ የ2 ዓመቱ ምዘና ያስተምራል እንጂ እጅን አያይም። ይሁን እንጂ በየጊዜው የታየውን ጉድለት አምኖ ሥርዓቱን ማረም መቻላቸው ራሱ ሊጠቀስ የሚገባው ውጤት ነው። ለማንኛውም የሙያ ምዘና የመጨረሻው ዳኛ መዛኙም ተመዛኙም አይደለም፤ በቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ፣ በክፍሉም ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ነው። የምስክር ወረቀት የሚጸናውም ለእነርሱ እውነትን እስከተናገረ ድረስ ብቻ ነው።